ጥያቄና መልስ፦ በጭነት መኪና የተግባር ፈተና የሚጥሉ ስሕተቶች

ጥያቄ፦ ለደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ተፈትኜ ወደቅሁ። ፈታኙ «ስፖኪዮ አታይም፤ ቀኝ ስትታጠፍ ክፍተት ትተዋለህ» አለኝ። ምንም ሳልገጭ እንዴት እወድቃለሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አለመግጨት ብቻውን አያሳልፍም። ጭነት መኪና ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው፤ ስለዚህ ፈታኙ የሚያየው እቦታው ሳይደርሱ በፊት ምን እንዳዘጋጁ ነው።

የቀኝ መታጠፊያውን እንውሰድ። የኋላ ጎማ የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ያልፋል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ቆረጣው ይብሳል። ይህን የፈራ ተፈታኝ ገና ከሩቅ ወደ ግራ ይለጠጣል። በተከፈተው ቦታ ባጃጅ ሰተት ብሎ ይገባል፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲመለስ ባጃጁ በካሶኒው (በጭነት መያዣው) እና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል ይጣበቃል። ፈታኝን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ልክም ነው።

ፍሬቻ አስቀድመው ያብሩ። ፍጥነትና ማርሽ መቀነሱን ከመታጠፊያው በፊት ይጨርሱ። ቀኝ ጠርዙን ሳይለቁ ወደ ማዕዘኑ ዘልቀው ይግቡና መሪውን ዘግየት ብለው ያዙሩ። መስፋት ግድ ከሆነ የሚሰፋው ታጥፈው በሚገቡበት መንገድ ላይ እንጂ ለቀውት በሚወጡት ላይ አይደለም። ካሶኒው ታጥፎ እስኪያልቅ ዓይንዎ በቀኝ ስፖኪዮ የኋላውን ጎማ ይከተል።

ስፖኪዮ የሚታየው ከፍሬቻ በፊት፣ ፍሬን ከመያዝዎ በፊትና ከታጠፉ በኋላም ነው። ዓይንዎን ብቻ ከወረወሩ ጋቢና ውስጥ ጎንዎ የተቀመጠው ፈታኝ ላያውቅልዎ ይችላል፤ አንገትዎን ትንሽ ያዙሩ።

ዳገት ላይ ሲነሡ ወደ ኋላ መንሸራተትም ይጥላል። የእጅ ፍሬኑን እንደያዙ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና ጋቢናው ቀና ሲል ይዟል ማለት ነው። ነዳጅ ጨመር አድርገው የእጅ ፍሬኑን የሚለቁት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሊፈተን ነው። ቁልቁለት በፍሪ (ማርሽ ሳያስገቡ) መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል ይላል። ያስጥለዋል? (ከደጀን)

መልስ፦ አዎ፣ ያስጥለዋል። ከእናንተ ከተማ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ እዚያ ላይ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ነዳጅ መቆጠቡም ስሕተት ነው፤ ናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁ ይቋረጣል፤ በፍሪ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

በፍሪ የሚወርድ መኪና የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚይዘው ታምቡር በጣም ሲግሉ ፔዳሉን ቢረግጡትም አይዝም። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ በትናንሽ አይሱዙዎች ላይ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ከፈጠነ በኋላ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ለማስገባት የሚሞክር ሾፌር ብዙ ጊዜ አይገባለትም፤ በፍሪ ይቀራል።

ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ያንኑ መንገድ በሚወጡበት ማርሽ፣ ካልሆነም ከዚያ በከበደ ይውረዱ፤ የጭስ ማውጫ ፍሬን (ጭሱን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ) ካለ ያብሩት። ለምሳሌ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከመረጡ፣ 30 ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ረግጠው ወደ 22 ያውርዱትና ይልቀቁ፤ ሲጨምር ይድገሙ። ፔዳሉ ላይ እግር አስደግፎ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል። ቶሎ ቶሎ መርገጥ ደግሞ ባለ አየር ፍሬን መኪና ላይ አየሩን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ፈታኙ «መኪናውን ዞረህ እይ» ሲል ምን ላይ ላተኩር? (ከቡሬ)

መልስ፦ ዞሮ መምጣት ብቻ አይበቃም፤ እየነኩ ያዩትን ይናገሩ። ከጎማ ብሎን ሥር የወረደ የዝገት መስመር ካለ ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። በመንታ ጎማዎች መካከል ድንጋይ መሰንቀሩን ይዩ፤ የጠጠር መንገዳችን ይህን ያበዛል፤ በፍጥነት ሲሄዱ ተፈናጥሮ ከኋላ የሚመጣውን ይመታል። ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ዘይትና ውሃ፣ መብራትና ፍሬቻ ይከተላሉ። አየር ፍሬን ካለው የአየር ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ባር እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ፍሬኑን ረግጠው ይያዙ፤ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰሙ ወይም ጌጁ እየወረደ ከሄደ ለፈታኙ ይንገሩና መኪናውን አያንቀሳቅሱ።