የኢኮኖሚ ዜናና ፎሬክስ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

እሁድ አራት ኪሎ ስለ ፎሬክስ (የውጭ ገንዘቦች ግብይት) ለመነጋገር ስንገናኝ ሰዓት አልበቃንም። የቀሩትን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን፦ ዜና ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው፣ ከወጣም በኋላ 15 ደቂቃ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከፒያሳ፦ የአሜሪካ የሥራ ሪፖርት ስንት ሰዓት ይወጣል?

አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያው ዓርብ፣ በእኛ ከቀኑ 9፡30። እነሱ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 10፡30 ይሆናል። መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ወደ 9፡30 ይመለሳል።

ከካዛንቺስ፦ ሪፖርቱ ጥሩ ነበር፣ ዶላር ግን ወረደብኝ። ለምን?

ጎሽ! ሁላችሁም ይህን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ለበዓል ዶሮ ይወደዳል ተብሎ ሰው ሁሉ ቀድሞ ከገዛ፣ በዋዜማው ገዢ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ገበያውም እንዲሁ ነው። የተጠበቀውን ቀድሞ ገዝቶታል። የሚያንቀሳቅሰው በተጠበቀውና በወጣው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በፈረንጆች የካቲት 3 ቀን 2023 የወጣውን አስታውሱ። የተጠበቀው 185 ሺህ ገደማ አዲስ ሥራ ነበር፤ የመጣው 517 ሺህ። ዶላር ወዲያው ዘለለ። አንዳንዴ ደግሞ የዛሬው ቁጥር ያምራል፣ ያለፈው ወር ግን ተከልሶ ዝቅ ይላል። የደመወዝ ዕድገቱም ቀዝቅዞ ይሆናል። አንቺን የያዘሽ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቁጥር የፌዴራል ሪዘርቭን፣ ማለትም የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ፣ ሐሳብ ያስቀይራል? በ2022 ሰኔ የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ባንኩ ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ እስከ 2023 ሐምሌ ድረስ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ አደረሰው። ወለድ ሲጨምር ገንዘብ ወደዚያ ይሄዳል። በ2022 ዶላር እንደዚያ የጠነከረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከስታዲየም፦ ዛሬ ምን ልግዛ?

ሲግናል (ይህን ግዙ፣ ያን ሽጡ የሚል ጥቆማ) አልሰጥም።

ከለገሃር፦ ዜና ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉም ነገር የዋጋው ቻርት ላይ አለ።

ከካዛንቺስ፦ በፈረንጆች ጥር 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ፣ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያስቀመጠውን ወለል ድንገት ሲያነሳ ቻርቱ ላይ ነበር?

ከለገሃር፦ የዜና ካሌንደሩ ላይስ ነበር?

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ከርዕሱ ወጣን። ያን ቀን ስቶፕ ሎስ (ኪሳራ ሲበዛ ግብይቱን በራሱ የሚዘጋ ትእዛዝ) ያደረጉ ሰዎች እንኳ ካሰቡት ዋጋ እጅግ ርቆ ነው የተዘጋባቸው። ካሌንደር ላይ ያልተጻፈ ዜና አለ። ሌቨሬጅ (ከያዛችሁት ገንዘብ በላይ በብድር መገበያየትን) ዝቅ አድርጉ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

ከሜክሲኮ፦ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል ብዙ ወረደ። እንዲህ ያለውን ዜና ትሬድ ማድረግ አይቻልም?

አይቻልም። በምንጠቀምባቸው ብሮከሮች (አገበያይ ድርጅቶች) ላይ ብር የለም።

ከመገናኛ፦ ሪፖርቱ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?

ላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ከስታዲየም፦ እቁብ ደርሶኛል። በእሱ ልጀምር?

ወንድሜ፣ አይሆንም። የእቁብ ገንዘብ ገና የምትከፍለው ዕዳ ነው። እኔ የሁለት ወር ደመወዜን በአንድ ዓርብ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ አጥቻለሁ። የቤት ኪራይ ለመክፈል ተበደርኩ። በዴሞ (እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የመለማመጃ አካውንት) 6 ሪፖርቶችን ተከታተል። የተጠበቀውን፣ የወጣውን፣ የተከለሰውን ደብተር ላይ ጻፍ። ከዚያ አምጣና አብረን እናየዋለን።

ከስታዲየም፦ እሺ። ግን 15 ደቂቃ በዛ፣ 5 አይበቃም?

ስፕሬዱ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ተለጥጦ፣ ዋጋው ሁለት ጊዜ ሲገለባበጥ የሚያልፈው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። 15።