ራፐሩን ስካርፌስን ከየትኛው አልበም ልጀምር?

በ2002 ከወጣው «ዘ ፊክስ» ጀምር። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ «ስካርፌስ» የሚባለው ፊልም ብቻ የሚመጣብህ፣ ራፐሩም ስሙን ያገኘው ከዚያው ስለሆነ ነው። «ስካርፌስ ጌቶ ቦይዝ» ብለህ ጻፍ። ጌቶ ቦይዝ የሂዩስተን፣ ቴክሳስ የራፕ ቡድኑ ነው፣ ያኔ እሱ ይመጣልሃል።

መጀመሪያ «ኦን ማይ ብሎክ»ን ስማ። አንድ አጭር የፒያኖ ዜማ እየተመላለሰ ይጫወታል። እሱ ደግሞ በዚያ ወፍራም ድምፁ የሰፈሩን ኑሮ ያወራልሃል። አይጮህም፣ አይቸኩልም። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያጫውትህ ታላቅ ወንድም ነው የሚመስለው። ራፐሩ ካንዬ ዌስት ገና ስሙ ሳይገን የሠራው ቢትም (ከራፑ ሥር የሚጫወተው ሙዚቃ) እዚሁ አልበም ላይ አለ።

ከዚያ ወደ 1994ቱ «ዘ ዳየሪ» ተመለስ። እዚያ ላይ ስለ ሞት የሚያወራበት መንገድ እስካሁን ያመኛል። አንድ ልጅ ነፍሱ ስትወጣ አጠገቡ ቆመህ የምታይ ይመስልሃል። ራፕ ማለት ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ የአሜሪካ ደቡብም የሚለው እንዳለው ካሳዩት አንዱ እሱ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ አልበም ነው፣ ግን ከባድ ስለሆነ ለመጀመሪያ አልመክርህም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በ1998 የወጣውን «ማይ ሆሚስ» አትጀምርበት። ሁለት ሲዲ ነው፣ አብዛኛውን የሚዘፍኑት እንግዶች ናቸው። እኔ በእሱ ጀምሬ «ሰውየው የታለ?» ብዬ ተውኩት። ወደ ስካርፌስ የተመለስኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።