አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሰው ላላችሁ ጎረቤቶች፦ ጠይቁኝ

ያ ከፎቅ ሥራ ላይ የወደቀው የቱሉ ዲምቱ ልጅ አይሲዩ ከገባ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። እዚያ ክፍል ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ዛሬ አዳር የለኝም። ጠይቁ። ብቻ አስቀድሜ ልናገር፦ በአፉ ምንም እንዳትሰጡት።

እህቱ፦ ሲስተር፣ ስናወራው ይሰማል?

ሊሰማ ይችላል። እንደሚሰማ ሰው አውሩት። እጅሽን ታጥበሽ እጁን ያዢው፤ ማን እንደሆንሽ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ንገሪው። ለቅሶው ኮሪደር ላይ ይሁን።

ከብሎክ 12፦ ይድናል ግን?

ሐኪሙን።

የአክስቱ ልጅ፦ "ጂሲኤሱ 7 ነው" አሉን። ከመቶ ነው?

ከ15 ነው። ትንሹ 3 ነው፤ ዜሮ የለውም። የንቃት መለኪያ ነው፤ ዓይን ለመግለጥ፣ ለመናገርና ለመንቀሳቀስ የሚሰጥ ነጥብ። በአንድ ቀን ነጥብ አትጨነቁ፤ ከትናንቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ በሉ።

አንዲት እናት፦ የኔ ልጅ፣ የኔው በሞተር የተጋጨው፣ የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶለት ደህና ሆነ ስንል "ነርሶቹ ሊገድሉኝ ነው" ይለኛል። ጣሪያው ላይ ጉንዳን ያያል። ለክፎት ይሆን?

እማማ፣ እንኳን ጠየቁኝ። አልለከፈውም። ዴሊሪየም ይባላል፣ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መደናገር ነው፤ አይሲዩ ውስጥ ሁሌ የምናየው ነው። ኢንፌክሽን፣ ሕመም፣ ማስታገሻ መድኃኒት፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጡታል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማታ ይብሳል። ዝም ብሎ የሚፈዝም አለ፤ እሱን "ተረጋጋ" ብለው እንዳይተዉት፣ ለነርሷ ይንገሩ። ስለ ጉንዳኑ አይከራከሩት፣ "አዎ አየሁት"ም አይበሉት። "ሆስፒታል ነህ፣ ተጋጭተህ ነበር፣ እኔ እናትህ ነኝ" ይበሉት፤ አሥር ጊዜ ቢሆንም። መነጽር ካለው ይውሰዱለት። ቀን ብርሃን ይግባለት፣ ማታ ይተኛ። እጁን አስረውት ከሆነ የቀሩትን ቱቦዎች እንዳይነቅል ነው። ደግሞ አረቄ ይጠጣ ከነበረ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥም እንዲህ ያደርጋል፤ ሕክምናው ሌላ ነው። ይሉኝታ እዚህ ጋ ሰው ይጎዳል።

ከብሎክ 30፦ ከንፈሩን በጠበል ብናርሰውስ?

መጀመሪያ ምን አልኩ?

ጋሼ፦ ልጄ፣ እምነት አትንኪ። በጠበል የዳነ አውቃለሁ።

ከብሎክ 12፦ ጋሼ፣ የጎረቤታችን ጉዳይ ጠበል ሳይሆን ሳንባ ነው።

ጋሼ፦ አንተን ማን ጠየቀህ?

ተዉ እንጂ! ጠበል አትጠቀሙ ያለ የለም። ነርሷን አስፈቅዳችሁ እጁን ዳብሱበት፤ ቁስልና ፋሻ ላይ አይሁን። መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ የገባች ጠብታ ግን ሳንባ ትገባለች። ጠበልም ሾርባም ለሳንባ አንድ ነው። በአፉ ምንም።

ከብሎክ 7፦ አምቡላንስ ስንት ነበር?

907 ወይም 939። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩት።

እህቱ፦ ሲስተር፣ አብሮት የወደቀው ጓደኛው አርፏል። ሲነቃ ቢጠይቀኝስ?

ገና ሲነቃ ራሱ የት እንዳለ አያውቅም፤ ያኔ መርዶ አይነገርም። ግን "ቤቱ ነው፣ ሰላም ብሎሃል" እንዳትይው። ኋላ ሲሰማ አንቺንም አያምንሽም። "አሁን ስላንተ እናውራ" በይው። አእምሮው ሲጠራ ከሐኪሞቹ ጋር ተመካክራችሁ፣ የሚቀርበው ሰው ቁጭ ብሎ ይንገረው። ሃያ ሰው ከቦት አይሆንም።

እህቱ፦ እሺ። መነጽሩ ግን ሲወድቅ ተሰብሯል።

ሁለቱም ጎን?

እህቱ፦ የግራው ደህና ነው።

እሱኑ ይዘሽለት ሂጂ።