ለ58 ተማሪ 2 ኳስ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቼ 58 ናቸው፤ ያለኝ ኳስ 2፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ርዕሰ መምህራችን «ደራርቱም ቀነኒሳም በሩጫ ነው የወጡት፤ ሜዳውን አሥር ዙር አስሩጣቸው» ይሉኛል። ልጆቹ ግን በሦስተኛው ዙር ጎናቸውን ይዘው መራመድ ይጀምራሉ። ኳስ ሳወጣ ይነቃሉ። በጨዋታ ብቻ አቅማቸው ሊጎለብት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ልጁ በእርግጥ ከተንቀሳቀሰ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሃያ ሁለቱን እያጫወትሁ የቀሩትን ዳር አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ አንዲት ልጅ ብቻ ተከታተልሁ። የሮጠችው ስድስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ የቀረውን ጊዜ የሹራቧን ክር ስትመዝ አሳለፈች። ኳሷን የነካቻት አንዴ፣ ያውም ወደ ውጭ ስትወጣ ለማቀበል ነው።

ሜዳውን በድንጋይ አራት ቦታ ይክፈሉትና አራት ለአራት ያጫውቷቸው፤ 32ቱ ገቡ ማለት ነው። በረኛ አያስፈልግም፤ ቆሞ የሚበርደው ልጅ ምን ያደርጋል? የደብረ ብርሃንን ጠዋት እርስዎ ያውቁታል። አምስት ደቂቃ ተጫውተው፣ ሁለት ደቂቃ አርፈው ከ26ቱ ጋር ይቀያየሩ። የጎደሉትን ኳሶች ከጨርቅ ያሠሯቸው፤ የጨርቅ ኳስ ነጥራ ከትንሹ ሜዳ ስለማትወጣ እንዲያውም ትሻላለች። ተራ የሚጠብቁት ገመድ ይዝለሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ፤ ዝላይ አጥንት ያጠነክራል። ኳስ ለሴቶቹ አልደርስ ካለ፣ ጎል የሚቆጠረው የቡድኑ አባላት ሁሉ ኳሷን ከነኩ በኋላ ነው ብለው ይደንግጉ። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ ከእጁ አይራቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ይህን አይሞላም፤ ስለዚህ የገመድ ዝላይ የቤት ሥራ ይስጡ።

ለርዕሰ መምህሩ ማስረጃ ከፈለጉ 20 ሜትር ለክተው፣ ፊሽካ እየነፉ ልጆቹን በምልልስ ያስሩጧቸው። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ እያንዳንዱ ስንት ምልልስ እንደቻለ ይመዝግቡ። ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ፍጥነት ይድገሙት። ውጤቱን ግን ክፍል ውስጥ አያንብቡ።

ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም እንደ እርስዎ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ለውድድር ያዘጋጁት ግን ተሰጥኦ ያዩባቸውን እንጂ ክፍሉን በሙሉ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ይህም ካላሳመናቸው፣ አራት ለአራቱ ውስጥ ያስገቧቸው። ሦስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።