ሁለቱን ሰጥታችሁ አንዱን ከመቀበላችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። ሁለት የስፖርት መኪኖች አሉት። አንዷ ጣሪያዋ የሚከፈት ቀላል መኪና ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ጉልበተኛ ሞተር ያላት፣ ረጅም መንገድ የማይከብዳት ባለ ሁለት በር። አንድ ሰው ሁለቱንም ተቀብሎ በምትካቸው በጥቂት መቶዎች ብቻ የተሠራ ሞዴል ሊሰጠው ፈቅዷል። ወጣቱ የሦስቱንም ዋጋ በወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ስንት እንደተመረተ ጽፎ ነው የመጣው። "ያዋጣኛል?" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለትና "ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዷን ስንት ጊዜ ነዳሃት? ወዴትስ ሄድክባት?" ስል ጠየቅሁት። ለመመለስ ብዙ አሰበ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የስፖርት መኪና ሞተር ሳወርድና ስገጥም፣ ሰዎች ሳይገዙ በፊት መኪና ስመረምርላቸው ኖሬአለሁ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። እኔም በጎልማሳነቴ ገጥሞኝ ነበር፤ ቸኩዬ መለስኩት። ለዚያ ወጣት የነገርኩትን ለእናንተም ሰፋ አድርጌ መጻፍ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ "ብርቅ" የሚለውን ቃል እንመርምረው። አንድ ሞዴል በቁጥር ጥቂት የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ሊጠየቅ የሚገባውም ያ ምክንያት ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. ለ1973 ያወጣውን 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ተመልከቱ። መኪናዋ የተሠራችው የውድድር ደንቡ ሞዴሉ ለመወዳደር እንዲፈቀድለት 500 መኪኖች እንዲመረቱ ስላስገደደ ነበር። ፈላጊው ከተገመተው በላይ ሆነና 1,580 ተሠሩ። መርሴዲስም እ.ኤ.አ. በ1990 የ190 ኢ ሁለተኛውን ኢቮሉሽን (ለውድድር የተሻሻለውን ሞዴል) ሲያወጣ ደንቡ 500 ይጠይቅ ስለነበር 502 ሠርቶ አቆመ። እነዚህ መኪኖች ከተለመዱት ወንድሞቻቸው የሚለዩበትን ቦታ መካኒክ በእጁ እየዳሰሰ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ሞተሩ፣ ክንፉ፣ የጎማ መሸፈኛው ስፋት ሌላ ነው። ጥቂት የሆኑት መሐንዲሶቹ ለአንድ ዓላማ ስለሠሯቸው ነው።

ሌላው ዓይነት ብርቅነት የሚሠራው በሻጭ አፍ ነው። "በዚህ ቀለም፣ በዚህ የወንበር ቆዳ፣ በዚህ የጎማ ቸርኬ፣ ለዚህ ገበያ የተላከች ከሦስቱ አንዷ ናት" ይባላል። እንዲህ እየተደራረበ ከተቆጠረ በዓለም ላይ ያለች መኪና ሁሉ ብቸኛ ትሆናለች። ሞተሯ ግን ከአሥር ሺዎቹ ጋር አንድ ነው፤ ስትነዷትም ልዩነቱን አታገኙትም። ቀለም የሚወድ ሰው ለቀለም ቢከፍል አልቃወምም። ሁለት ደህና መኪኖችን በአንድ ቀለም መለወጥ ግን ያሳዝነኛል፤ ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁና።

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ብርቅ ሞዴል እንውሰድ። ወጣቶች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር አለ፤ እነዚህ ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ነገር በመቀነስ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኤንኤስኤክስ አር ክብደቱ በ120 ኪሎ ግራም ያህል የቀነሰው የድምፅ መከላከያው፣ ሬዲዮው፣ ሌላም ምቾት የሚሰጥ ነገር ከውስጡ ስለወጣ ነው፤ 483 ብቻ ተሠርተዋል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኤም3 ሲኤስኤልም ከተለመደው ኤም3 በ110 ኪሎ ግራም ገደማ ይቀላል፤ ጣሪያው የካርቦን ፋይበር ነው። 1,383 ተመርተዋል። ይህ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲደርስ ድንቅ ነው፤ መሪው ይናገራል፣ መንገዱ በወንበሩ በኩል ይሰማችኋል። ለሦስት ሰዓት ጉዞ ከእናታችሁ ጋር ስትቀመጡበት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት መኪና ሰጥታችሁ የምትቀበሉት አንድ መኪና ብቻ ሳይሆን ሥራው የጠበበ መኪና ነው። ይህን በገንዘብ ስሌት ውስጥ የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ ሁለት መኪኖች ነበሩኝ። አንዷን በሥራ ቀን እነዳታለሁ፤ ሌላዋን ቅዳሜ ማለዳ። በሁለቱ በዓመት 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል እሄድ ነበር። ሁለቱን ለውጬ ያመጣኋት መኪና ውብ ነበረች። ሞተሯ በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ያንን ድምፅ ስለሰማሁ አልጸጸትም። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት የነዳሁት 2,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለተኛው 900። ዝናብ ካለ አላወጣትም። አዲስ አስፋልት የተነጠፈበት መንገድ ላይ ጠጠር ይመታታል ብዬ ዞሬ እሄዳለሁ። ቁልፉን ባነሳሁ ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከዋጋዋ ላይ የሚቀንሰው ይታየኝ ጀመር። መኪና መንዳት የሚወደው ሰው ቀስ በቀስ መኪና ጠባቂ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ወደ ኋላ ስወጣ የግራውን የኋላ መብራት ሰበርኩት። ጥፋቱ የእኔው ነበር። መብራቱ ከተለመደው ሞዴል ጋር አይገጥምም፤ አዲሱም መመረት አቁሟል። ያገለገለ ለማግኘት 14 ወራት ፈጀብኝ። መኪናዋ ያን ሁሉ ጊዜ በጨርቅ ተሸፍና ቆመች፤ እኔም የሰው መኪና እየለመንኩ ከረምኩ። አባቶች "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚሉት ያኔ በደንብ ገባኝ። ሞተር እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ የመብራት መስታወት ይበቃል።

ጥገና ካነሳን አይቀር፣ ብርቅ ያልሆነውን ፌራሪ ኤፍ355 ለምሳሌ ልጥቀስ። ከ11,000 በላይ ተሠርቷል። ሆኖም የሞተሩን ቺንጋዎች ለመቀየር ሞተሩ ከነሙሉ አካሉ መውረድ አለበት፤ ይህም መኪናው ቢነዳም ባይነዳም በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ ሥራ ነው። በሺዎች የተሠራ መኪና እንዲህ ከሆነ፣ ክፍሎቹ ለጥቂት መቶ መኪኖች ብቻ የተቀረጹለት ሞዴል ምን እንደሚጠይቅ አስቡት። የሚያውቀውን መካኒክ ሳታገኙ መኪናውን አትቀበሉ።

ይህን ሁሉ ብዬ ለውጥ ሁሉ ስህተት ነው አልልም። አንድ ደንበኛዬ ሁለት መኪኖች ነበሩት፤ ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም የኋላ ጎማ የሚነዱ፣ ጉልበታቸውም ተቀራራቢ። የሚያፈራርቃቸው ባትሪያቸው እንዳይሞት ብቻ ነበር። ለዕለት ሥራው ሌላ ተራ መኪና አለው። ሁለቱን ሰጥቶ አንዷን ብርቅ ሲወስድ ምንም አልጎደለበትም። ዛሬም በዝናብ ይነዳታል፤ የፊት ኮፈኗ በጠጠር ተነቋቁሯል፤ እርሱ ግን ደስተኛ ነው። እንግዲህ የእኔና የእርሱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የእርሱ ሁለት መኪኖች አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር፣ የእኔ ሁለቱ ግን ሁለት የተለያየ ኑሮ ነበሩ። የእናንተስ?

ስለ ስሌቱም ጥቂት ልበል። መኪና በመኪና ሲለወጥ ገንዘብ ስለማይቆጠር ዋጋው ይደበቃል። የወዲያኛው ሰው የራሱን መኪና በከፍተኛው ዋጋ፣ የእናንተን ደግሞ በዝቅተኛው ይይዛል፤ ሁለት መኪና ሸጦ ገንዘቡን የሚያገኘው እርሱ ነውና ለድካሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ለውጡን እርሱት፤ ሁለቱን ለየብቻ በጥሬ ገንዘብ ብትሸጧቸው ስንት እንደሚያወጡ፣ ያቺን አንዷንም በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ስንት እንደሚከፍል አጣሩ። ደግሞም እጅ ላይ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የእናንተን መኪኖች ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ፍሪሲዮኑ መቼ እንደታደሰ፣ በብርድ ጠዋት የሚያሰሙት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ይህ እውቀት ዋጋ አለው፤ ከመኪኖቹ ጋር ግን አብሮ ይሄዳል።

"ብርቅ ነገር ዋጋው ይጨምራል" የሚለውንም በጥንቃቄ ስሙት። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 ከሞተ በኋላ የአሮጌ ፌራሪዎች ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደቀ። መኪኖቹ ከ1989 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ውስጥ አልበዙም፤ እንደ በፊቱ ብርቅ ነበሩ። የጠፋው ገዢው ነው።

ምርመራው ላይ ቸል አትበሉ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር መመሳሰል አለበት። ካሬራ አርኤስን ለመምሰል የተለወጡ ተራ 911ዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በፍቅርና በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ግን አርኤስ አይደሉም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ነው፤ ከ1,000 በላይ ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ግን መለኪያው የሚያነበው በብረት ላይ ነው። የካርቦንና የፕላስቲክ አካል ባላቸው ቀላል ሞዴሎች ላይ ዝም ይላል፤ እዚያ ልምድ ያለው ዓይን ያስፈልጋል።

"4,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች" የሚለው ቃል ደግሞ ልባችሁን እንዳይሰርቀው። የጎማውን ጎን እዩ፤ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ ላስቲኩ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ጎማ ብዙ አይቻለሁ። የፍሬን ዘይት ቆሞም ውኃ ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። የዘይት መከላከያ ጎማዎች ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ይደርቃሉ፤ መኪናዋ መነዳት በጀመረች በሳምንቱ ማንጠባጠብ ትጀምራለች። ለአሥር ዓመት የቆመች መኪና ከእኔ እጅ ብዙ ሰዓት ትፈልጋለች።

ለዚያ ወጣት በመጨረሻ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነበር። ለሁለት ወር ለውጡ እንደተፈጸመ አድርጎ ይኑር። የዕለቷን መኪና ቁልፍ ለእህቱ ይስጥ። ሁለተኛዋን ሰማዩ ጥርት ባለበት እሁድ ብቻ ያውጣት፤ ዝናብ ካለ ትቁም፣ ጠጠር ያለበት መንገድ ከሆነ ይቅር። በሌላው ቀን በእግሩ ወይም በሰው መኪና ይሂድ። ከዚያም የነዳውን ኪሎ ሜትርና መንዳት እየፈለገ የቀረበትን ቀን በደብተር ይጻፍ።

ትናንት ደወለልኝ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ደብተሩ ላይ 140 ኪሎ ሜትርና 19 ቀናት ተጽፏል። አሁንም ያቺን መኪና እንደሚያስባት ነገረኝ፤ እኔም አልተቆጣሁትም። ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ከዚያ በኋላም ልቡ ከቆረጠ፣ ለመመርመር አብሬው እሄዳለሁ።

በፍቅር፣
አንድ አንጋፋ የሞተር ባለሙያ