ሜታሊካ፣ ናፕስተር እና የፍላሽ ዘፈን፦ ከጅማ አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ከጅማ የሮክና የሜታል አድማጮች የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ናቸው። የአብዛኞቹ መነሻ አንድ ነው፤ ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2000 ናፕስተር የሚባለውን የዘፈን መለዋወጫ ለምን ከሰሰ? ስሙስ እስካሁን ከዚያ ክስ ጋር ለምን ይነሣል? ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጅ ቁጥር ላይ ብቻ የእኛው ነው።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ናፕስተር ላልደረሰብን ሰዎች፣ እንደ ቴሌግራም ቻናል ነበር እንዴ?

አይመሳሰሉም። ቴሌግራም ላይ ፋይሉ የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ሾን ፋኒንግ በ1999 ያወጣው ናፕስተር ግን ዘፈን አያስቀምጥም ነበር። ሰርቨሩ የሚይዘው ማውጫ ብቻ ነው፤ "ይህ ዘፈን እገሌ ኮምፒውተር ላይ አለ" ብሎ ያገናኛል፣ ፋይሉ በቀጥታ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ፍጥነቱን በሒሳብ እየው። የዚያን ጊዜው የተለመደ ኤምፒ3 በሰከንድ 128 ኪሎቢት ነበር፤ ይህም በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይመጣል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። በስልክ መስመር ሞደም በሰከንድ 5 ኪሎባይት ቢወርድ አንድ ዘፈን ለማግኘት 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በመሃል ሰጪው ስልኩን ከነቀለ ግማሽ ዘፈን ይዘህ ትቀራለህ። የፋይሉን ስም የሚጽፈው ተጠቃሚው ስለነበር የሌላ ባንድ ዘፈን በሜታሊካ ስም መዞሩ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ይህ በሽታ ዛሬም ቴሌግራም ላይ አልዳነም።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ "ሜታሊካ የገዛ አድናቂዎቹን ፍርድ ቤት አቆመ" ይባላል። እውነት ነው?

አልከሰሳቸውም። ሚያዝያ 2000 የተከሰሰው ናፕስተር ኩባንያው ነው። ከእሱ ጋር ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዬል፣ ኢንዲያና እና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ፣ ተማሪዎቻቸው በግቢ ኔትወርክ ሲያወርዱ ዝም ብለዋል ተብለው ተከሰዋል፤ ዬልና ኢንዲያና ወዲያው ናፕስተርን ዘጉ። ግለሰብ አውራጆችን በገፍ መክሰስ የጀመረው የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር ነው፤ እሱም መስከረም 2003፣ በ261 ሰዎች። ሁለቱ ነገሮች በሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀላቅለው ዕዳው ሜታሊካ ላይ ወደቀ።

ሆኖም ባንዱ ለዚህ ሐሜት በር የከፈተው ራሱ ነው። ግንቦት 2000 ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ የ335,435 ተጠቃሚዎችን ስም በወረቀት አሳትሞ፣ ወደ 60 ሺህ ገጽ የሚሆን በካርቶን አስጭኖ፣ ካሜራ በተደረደረበት ናፕስተር ቢሮ በር ላይ ወሰደው። ሥዕሉ ሕጉን በላው። ሰው ያየው ሀብታም ሙዚቀኛ የልጆች ስም ዝርዝር ተሸክሞ ሲመጣ ነው።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ያን ያህል ስም ከየት አመጡት? ደግሞስ ለምን አስፈለገ?

ኔትፒዲ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በአንድ የሳምንት መጨረሻ ናፕስተር ላይ ገብቶ የሜታሊካ ዘፈን ክፍት ያደረጉትን መዝግቦ ነው። ለምን ለሚለው፣ ናፕስተር ራሱ "ሕግ የጣሰውን በስሙ ንገሩን፣ እንዘጋዋለን" ይል ነበር። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ሰጪ ከለላ የሚሰጠው ጥቆማ ሲደርሰው እርምጃ ከወሰደ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ለዚያ መከላከያ የተሰጠ መልስ ነበር፤ "ስም ካላችሁ፣ ይኸው ስም"።

ናፕስተርም ከ300 ሺህ በላይ መለያዎች ዘጋ። ውጤቱ ግን ውኃ በወንፊት ነው፤ የተዘጋው የተጠቃሚ ስም እንጂ ሰው አይደለም፣ በሌላ ስም ተመልሶ ይገባል። በ2001 ደግሞ በዘፈን ርዕስ ማጣራት ሲጀመር ተጠቃሚዎች ፊደል ማዛባት ጀመሩ፤ "ሜታሊካ"ን "ታሜካሊ" ብሎ እንደመጻፍ ማለት ነው። ማጣሪያው የሚያየው ፊደል ስለሆነ ያልፋል።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲው፣ የሕግ ተማሪ ነኝ)፦ ሰርቨሩ ዘፈን ካላስቀመጠ ናፕስተር በምን ተሸነፈ?

ናፕስተርን ያሸነፈችው ማውጫዋ ናት። ናፕስተር በ1984ቱ የሶኒ ቤታማክስ ፍርድ ተመክቶ ነበር፤ ያ ፍርድ የቪዲዮ መቅጃ ሕጋዊ ጥቅም እስካለው ድረስ አምራቹ በገዢው ጥፋት አይጠየቅም ይላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሶኒ መቅጃውን ከሸጠ በኋላ ከገዢው ጋር ግንኙነት የለውም። ናፕስተር ግን እያንዳንዱ ፍለጋ በሰርቨሩ ያልፋል፤ ምን እንደሚዞር ያውቃል፣ መዝጋትም ይችላል። ማወቅና መቆጣጠር ከተገናኙ ተጠያቂነት ይመጣል። የሙዚቃ ኩባንያዎች ናፕስተርን ለብቻቸው በከሰሱበት መዝገብ ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል ሐምሌ 2000 እግድ ሰጡ፣ ይግባኝ ሰሚው የካቲት 2001 መሠረቱን አጸና፣ ሐምሌ 2001 አገልግሎቱ ቆመ። ሜታሊካም በዚያው ወር ከናፕስተር ጋር ታረቀ። ለጥናትህ የሚጠቅምህ የኩባንያዎቹ መዝገብ ነው፤ የሜታሊካው በስምምነት ስላለቀ ፍርድ አልወጣበትም።

ጥያቄ (ከሕርማታ)፦ እነሱ ራሳቸው በካሴት ቅጂ አይደል የታወቁት? ታዲያ ግብዝነት አይሆንም?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። በ1981 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተው ባንድ በ1982 ያወጣው ማሳያ ካሴት በመላው ዓለም የተሰራጨው አድማጮች እየቀዱ በፖስታ ሲላላኩት ነው። በኋላም፣ ታላቅ ከሆኑ ወዲያ፣ አድማጮች ኮንሰርታቸውን እንዲቀዱ ይፈቅዱ ነበር። ስለዚህ "ቅጂ ጠላታችን ነው" የሚል ባንድ አልነበረም።

ክሱ የተነሣው ለአንድ ፊልም እየሠሩት የነበረ ያላለቀ ዘፈን በ2000 ሾልኮ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ላይ ሲሰሙት ነው። ምንጩ ሲፈለግ ናፕስተር ተገኘ፤ ሲገቡበት ደግሞ ዘፈኖቻቸው በሙሉ አሉ። ያላለቀ ሥራ መውጣቱ ማንንም የሙያ ሰው ያንገበግባል። ሸማ ሠሪ ገና ከሸማ ዕቃው ያልወረደ ጥበብ ገበያ ላይ ቢያይ ዝም አይልም።

የካሴቱና የናፕስተሩ ልዩነት ደግሞ ቴክኒካዊ ነው። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ በየትውልዱ "ሽሽ" የሚለው ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሳሳል፤ አራተኛው አምስተኛው ቅጂ ላይ ሲደርስ ሰው "ዋናውን በገዛሁ" ይላል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት የሚቀዳውም ጥቂት ነው። ዲጂታል ቅጂ ግን አንድ ሺኛውም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። የማይታወቅ ባንድን ያስተዋወቀው የካሴቱ ድካም ራሱ ልጓም ነበረው፤ ናፕስተር ልጓሙን ፈታው። እንደኔ ፍርድ ባንዱ በጉዳዩ ልክ ነበር፣ በዒላማው ግን ሳተ፤ ስም ዝርዝሩን ይዞ መሄድ አልነበረበትም።

ጥያቄ፦ "ተሸጡ" የሚለው ወቀሳ የመጣው ከናፕስተር ነው?

ቀድሞም ነበር። በ1984 ዝግ ያለ ዘፈን ሲያወጡ ተባለ፤ በ1991 ፍጥነታቸውን ቀንሰው በስማቸው የሰየሙትን ጥቁሩን አልበም ሲያወጡ ተባለ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1996 ጸጉራቸውን ሲቆረጡም ተባለ! ናፕስተር የጨመረው ሌላ ነው፤ ከዚያ በፊት ወቀሳው ስለ ሙዚቃ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ ሆነ።

ጥያቄ፦ አሁንስ?

ታኅሣሥ 2012 ዘፈናቸውን ስፖቲፋይ ላይ ሲያስገቡ ላርስ ኡልሪክ መድረክ ላይ አብሮት የቆመው ሾን ፓርከር ነበር፤ ከፋኒንግ ጋር ናፕስተርን ከመሠረቱት አንዱ። በዚያው ዓመት የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው ማስተር ቅጂዎቻቸውን፣ ማለትም የዘፈኖቹን ዋና ቅጂ፣ በእጃቸው አስገቡ። በክሱ ጊዜ "ሥራችንን ስለ መቆጣጠር ነው የምንታገለው" ያሉት ከልባቸው እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ የ2008ቱ አልበም ይጮሃል፣ ጆሮ ይወጋል። የወረደ ፋይል ስለሆነ ነው?

ዋናው ሲዲም እንደዚያው ነው፤ ፋይልህን አትውቀስ። ሙዚቃው ጮክ ብሎ እንዲሰማ ከፍታና ዝቅታው ተጨፍልቆ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ የስኔር ድራሙ ምት "ጧ" ማለቱን ትቶ "ጭር" የሚለው ለዚህ ነው። የማስተሪንግ (የመጨረሻው ድምፅ ማስተካከያ) መሐንዲሱ ቴድ ጄንሰን ሚክሱ፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅ የተቀናበረበት ቅጂ፣ እጁ ሲገባ አስቀድሞ እንደተጨፈለቀ ተናግሯል። አስቂኙ ነገር ያው አልበም ለጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጨዋታ የተሰጠው ባልተጨፈለቀ ድምፅ ነበር። አድናቂዎች ያንን ከጨዋታው አውጥተው ተቀባበሉት፤ ሕገወጡ ቅጂ ከሚሸጠው በድምፅ በለጠ ማለት ነው። ድምፅ በመቀነስ አይስተካከልም፤ የተቆረጠ ጫፍ አይመለስም። በ2015 ለአይቱንስ የወጣው እትም ትንሽ ይተነፍሳል፣ እሱን ፈልግ።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ "320 ነው"፣ "ፍላክ ነው" ተብሎ የተሰጠኝ ፋይል እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቁጥሩ በሰከንድ ያለው ኪሎቢት ነው፤ ፍላክ ደግሞ ድምፅ ሳይጥል የሚጨመቅ የፋይል ዓይነት ነው። በመጀመሪያ በመጠን። ሜጋባይቱን ለደቂቃው አካፍል። 1 ከመጣ 128 ነው፤ 2.4 ከመጣ 320 ነው፤ ለሜታል ከ6 እስከ 8 ከመጣ ፍላክ ሊሆን ይችላል፤ 10 ከሆነ ያልተጨመቀ የሲዲ ድምፅ ነው። ይህ ግን የከረጢቱን ክብደት ነው የሚነግርህ። ጅማ 5 ቡናን የይርጋጨፌ ከረጢት ውስጥ ብትከተው ክብደቱ አይለወጥም፣ ፍሬውን ማየት አለብህ።

ፍሬውን የሚያሳየው ስፔክትሮግራም ነው፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ያለውን በቀለም የሚያሳይ ሥዕል። ስፔክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ፋይሉን ጎትተህ ጣለው፤ ወይም ኦዳሲቲ ላይ ከፍተህ በትራኩ ስም ካለው ዝርዝር ስፔክትሮግራምን ምረጥ። በግራ በኩል ያለውን የኪሎኸርትዝ ቁጥር ተመልከት። ቀለሙ 16 ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካቆመ መነሻው 128 ነው፤ 20 አካባቢ ከቆመ 320 ነው፤ እስከ 22 ከወጣ ከሲዲ የመጣ ነው። 16 ላይ የተቆረጠ "ፍላክ" ካገኘህ አንድ ሰው ኤምፒ3ውን አስፍቶታል፤ ቦታ ይበላል እንጂ የጠፋው ድምፅ አልተመለሰም። አንድ ጥንቃቄ፣ ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ቅጂ ከመነሻውም ላዩ የሳሳ ነው። እሱ ግን ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም።

በጆሮ መለየት ከፈለግህ ሲምባሉን፣ የድራሙን የናስ ሳህኖች፣ ስማ። ድምፁ የማያቋርጥ ፉጨትና ሻሻታ ስለሆነ 128 ሊሸከመው አይችልም፤ ውኃ ውስጥ እንደሚሽከረከር ይሆናል። ለዚህ ነው ትዝታ በ128 የማይጎዳህን ያህል ሜታል የሚጎዳህ።

ጥያቄ (የባጃጅ ሹፌር)፦ 64 ጂቢ ፍላሽ ገዝቼ ዘፈን አስጫንኩ፤ ቴፑ አያነብም። ኮምፒውተር ላይ ግን ይሠራል።

አብዛኞቹ የመኪናና የባጃጅ ቴፖች የሚያነቡት ፋት32 የሚባለውን የፍላሽ ፎርማት (ፋይል የሚደረደርበት ሥርዓት) ብቻ ነው፤ 64 ጂቢ ፍላሽ ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ ኤክስፋት በሚባል ሌላ ፎርማት ነው። ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ከ32 ጂቢ በላይ የሆነን ፍላሽ ፋት32 አድርጎ አይፎርማትም። ቀላሉ 16 ወይም 32 ጂቢ መግዛት ነው፤ በ320 ጥራት 32 ጂቢ ከ3 ሺህ በላይ ዘፈን ይይዛል። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ከተዘባረቀ ብዙ ቴፕ የሚጫወተው በስም ሳይሆን በተገለበጡበት ተራ ስለሆነ ነው፤ ስሙን 01፣ 02 ብለህ ጀምረህ በተራ ገልብጥ። በአማርኛ የተጻፈ ስም ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ቴፑ ፊደሉ የለውም።

ፍላሹ በጣም ረክሶ የተገዛ ከሆነ ደግሞ "64" የሚለው ውሸት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ያሉት ዘፈኖች ይጫወታሉ፣ በኋላ የገቡት ይቆራረጣሉ ወይም አይከፈቱም። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም ባዶውን ፍላሽ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን ልክ ይነግርሃል።

ጥያቄ (ዘፈን መጫኛ ቤት ያለው)፦ እኔ በክፍያ ፍላሽ እጭናለሁ። ሜታሊካ ጅማ ድረስ መጥቶ አይከሰኝ መቼም። ሕጋችን ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። አንተ ለሌላ ሰው በክፍያ የምትጭነው ግን የግል አይደለም፤ በካሳም በወንጀልም ያስጠይቃል። አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ወይም እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ሥራን፣ እዚህ መጀመሪያ የታተመን፣ ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመን እና አገሪቱ በገባችባቸው ስምምነቶች የሚጠበቅን ነው። ስለዚህ ልታስብ የሚገባህ ስለ ሜታሊካ ሳይሆን ኮምፒውተርህ ላይ ስላሉት የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ አልበሞች ነው። ለድምፃዊውና ለፕሮዲውሰሩ ያለው ጥበቃ 50 ዓመት ነው፤ "የድሮ ዘፈን ነው" ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ማሻሻያው፣ አዋጅ 872/2007፣ የሮያሊቲ ክፍያን በጋራ ማኅበር በኩል ለመሰብሰብ መንገድ ከፍቷል፤ ከሙዚቃ መብት ማኅበራት ጋር ተነጋግረህ ፈቃድ መያዝ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ የውጭ ካርድ የለኝም። ባንዱ ትንሽ እንኳ እንዲያገኝ በምን ልስማ?

ኦፊሴላዊ የዩቲዩብ ቻናሉ ላይ። ማስታወቂያው ይከፍላል፣ አንተ ዳታ ብቻ ታወጣለህ። ሌላ ሰው መልሶ የጫነውን ሳይሆን ባንዱ የጫነውን መሆኑን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው አልበም?

የ1986ቱ። ጆሮህ ካልቻለው የ1991ዱ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስ። የ1988ቱን ስትከፍት ቤዙ አይሰማኝም ብለህ ስፒከርህን አስጠግን አትበል፤ ሲሚከስ ነው የደበቁት።