ለእናታችሁ የምታመጡት ስልክ በማን አካውንት ነው የተከፈተው?

ጥምቀትን ጎንደር ለማሳለፍ ትኬት የቆረጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሻንጣችሁን ሳትዘጉ ይህን አንብቡልኝ። ከአገር ከወጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። ኤሌክትሮኒክስ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ስለሆነ፣ ወደ ቤት በተመለስኩ ቁጥር የዘመዱንም የጎረቤቱንም ስልክና ላፕቶፕ ተሸክሜ የምገባው እኔ ነኝ። ብዙ ዕቃ አመጣሁ፤ ብዙ ስህተትም ሠራሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የእናቴ ስልክ ነው። ሁለት ዓመት የያዝኩትን ደህና ስልክ ወልውዬ፣ አዲስ ሽፋን አልብሼ ሰጠኋት። ፎቶዎቼን አጠፋሁ እንጂ ከአካውንቴ አልወጣሁም ነበር። ስምንት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ሲንቀራፈፍ የእህቴ ልጅ ይስተካከላል ብሎ ሪሴት አደረገው። ሲነሳ የድሮውን አካውንትና የይለፍ ቃል ጠየቀ። እኔ ደግሞ አዲሱን ስልኬን በሌላ አካውንት ከፍቼ የድሮውን የይለፍ ቃል ረስቼዋለሁ። ለማስመለስ ስሞክር ኮዱ ከተማ ስቀይር ወደዘጋሁት ቁጥር ይላካል። የኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጋ ደወልኩ። ሦስት ማታ፣ አራት ሠራተኛ፣ እያንዳንዱ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ እንደገና አስነገረኝ። መጨረሻ ላይ የግዢ ደረሰኝ አምጣ አሉኝ፤ ስልኩን የገዛሁት ከሰው እጅ ነበር። እናቴ ዛሬም ስልኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ልጄ የሰጠኝ ነው ብላ መጣል አልሆነላትም።

የድሮውን አካውንት የሚጠይቀው ቁልፍ ራሱ ጥፋት የለበትም። የተሠራው ለሌባ ነው፤ የተሰረቀ ስልክ ተደምስሶም እንዳይሸጥ። አይፎንም አንድሮይድም አላቸው። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ ስትሰጡ መጀመሪያ አካውንታችሁን አውጡ፣ ከዚያ ደምስሱ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁን ተጭናችሁ «ሳይን አውት» በሉ፤ «ፋይንድ ማይ» የሚባለው የጠፋ ስልክ መፈለጊያ መጥፋቱንም አረጋግጡ። አንድሮይድ ከሆነ የጎግል አካውንቱን ከስልኩ ላይ አንሱ። ቀጥሎ ያለው ሥራ ይበልጣል፦ ከእናታችሁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ፣ በራሷ ስልክ ቁጥር፣ በራሷ ስም አዲስ አካውንት ክፈቱላት። ከእኔ ይሻላል ብላችሁ የራሳችሁን አሜሪካ ያለ ቁጥር አታስገቡ። እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ወይም ስትተኙ ኮዱ ለማንም አይደርስም። የእናቴ አዲሱ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ነው ያለው። ለእሷ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ዳዊቷን ማንም አይነካም፣ እሷም ጠዋት ጠዋት ታወጣዋለች።

በወር ክፍያ የተገዛ ስልክ ዕዳው ተከፍሎ ካላለቀ ብዙ ጊዜ ለዚያው ኔትወርክ የተቆለፈ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ቢገባበት አይሠራም። እዚያው ሳላችሁ አስከፍቱት። አሜሪካ የሚሸጠው አይፎን ደግሞ ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ በኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተሠራ የማይወጣ ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ሲሟን ከስልክ ስልክ እያወጣች ለምትቀያይር እናት እኔ ማስገቢያ ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን የትኛውን እንግዛ ለምትሉኝ። ባለፈው ስገባ የእህቴን የተሰበረ ስልክ ይዤ ጎንደር ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ወጣቱ ጠጋኝ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ በስስ ፕላስቲክ የስክሪኑን ጠርዝ ቀስ እያለ እያላቀቀ ነበር። መሳቢያውን ሳበና የቴክኖና የሳምሰንግ ስክሪኖችን እንደ መጽሐፍ በጎን ደርድሮ አሳየኝ። «ጋሼ፣ እነዚህን አሁኑኑ እቀይራለሁ። የእርስዎን ግን አዲስ አበባ አዝዤ፣ እሱም ከተገኘ ነው» አለኝ። ከዚያ የእህቴን ሲም አውጥቶ በራሱ ትርፍ ስልክ ላይ ከተተና «እስኪመጣ በዚህ ይደውሉ» ብሎ ሰጣት። መያዣ አልጠየቀም። ሦስት ማታ ስልክ ላይ ካቆየኝ ትልቅ ኩባንያ ይልቅ ደንበኛ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ይህ ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ለወላጅ ስልክ ስትመርጡ የካሜራውን ነገር ተዉትና ጎንደር ላለ ጠጋኝ ደውላችሁ «የዚህ ስክሪን አለህ?» በሉት።

ሁለተኛው መመዘኛ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝበት ዕድሜ ነው። ማሻሻያ ያቆመ ስልክ ርካሽ ቢሆንም የባንክ መተግበሪያ አይጫንበት። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24፣ ጎግል ደግሞ ከፒክስል 8 ጀምሮ የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ፒክስል ግሩም ስልክ ነው፤ ጎንደር ላይ ግን ዕቃው ስለማይገኝ ለቤተሰብ አልገዛውም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ የምታመጡም ዊንዶውስ 11 መቀበሉን እዩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

አዲስ ዕቃ ከሆነ እባካችሁ ከነካርቶኑ አታሽጉ። ከመብረራችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ተጠቀሙበት። ጉድለት ያለበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታወቃል፤ መመለስም የምትችሉት እዚያው ሳላችሁ ነው። ደረሰኙንና የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሡና አስቀምጡ፤ እኔን የጎደለኝ እሱ ነበር።

ስለ መብራት። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ 100–240 የሚል ካያችሁ ሶኬቱን የሚያገናኝ አዳፕተር ይበቃል። ብሌንደር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ማይክሮዌቭ ግን ብዙዎቹ 120 ብቻ ናቸው። አክስቴ አዘዞ የወሰድኩላትን ብሌንደር ሰካችው፤ አንዴ ጮኸ፣ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታው ማታ ድረስ ከወጥ ቤቱ አልወጣም። ትራንስፎርመር ብገዛስ የሚል አለ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራ ማይክሮዌቭ በ50 ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል። ከእስራኤልና ከአውሮፓ ለምትመጡ ይህ ጣጣ የለባችሁም፤ መብራቱ ከእኛ ጋር ይስማማል። ለማንኛውም ማቀዝቀዣ ላለበት ቤት ስታብላይዘር እዚያው ጎንደር ግዙ። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውንና ቲቪውን መንቀልም ልመዱ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመለስ የሚመጣው ኃይለኛ መብራት ነው። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ፤ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው ወደ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ከአውሮፕላኑ የ100 ዋት-ሰዓት ገደብ በታች ነው።

የመጨረሻው የደኅንነት ነገር ነው፤ በዚህ አደራ እላችኋለሁ። የአጎቴ ልጅ በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ግፊያ ውስጥ ስልኳን ተሰረቀች። ስልኩ ተቆልፏል ብላ ተረጋግታ ነበር። ሌቦቹ ግን ሲሙን አውጥተው ሌላ ስልክ ላይ ከተቱ፤ በኤስኤምኤስ በመጣው ኮድ ቴሌግራሟን ከፈቱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ በእሷ ስምና ፎቶ «ሆስፒታል ነኝ፣ ቶሎ ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ልልክ እጄን ዘርግቼ ነበር። ያዳነኝ ጎረቤቷ ጋ መደወሌ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ለካ ቤቷ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነበር።

ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር በምትሆኑባቸው ቀናት አንድ ከሰዓት ለዚህ ስጡ። ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን አይከፍተውም። ሲሙ ላይ ፒን አድርጉ። *#06# ሲደወል የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ጻፉ። ሲም ከጠፋ ወዲያው ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ማዘጋት እንደሚቻል ንገሯቸው። ሲሙም በተጠቃሚዋ በራሷ ስም ይሁን፤ በሌላ ሰው ስም ከሆነ መተኪያ ለማውጣት መከራ ነው። የቴሌብር ፒንና በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ለማንም፣ ለእኔ ለልጅሽም ቢሆን አይነገርም በሏቸው።

ከዚህ ሌላ ገንዘብ ሲጠየቅ የሚመለስ፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ። ድምፅ ማስመሰል ቀላል በሆነበት ዘመን የታወቀ ድምፅ መስማት አይበቃም። የእኛ ቤት ጥያቄ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ባለፈው ወር ግን ከአዲስ ቁጥር ስደውልላት እናቴ ሰላምታዬን ሳትመልስ መጀመሪያ እሱን ጠየቀችኝ። መልሱን ስነግራት ነው «እንዴት አደርክ ልጄ» ያለችኝ።